ላም አለኝ በሰማይ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ የተረተው ሰው የተናገረው ስለ ባዶ ተስፋ ነበር። በእኛ ዘመን ግን ላሟ እውነትም ሰማይ ላይ ወጥታለች። ከምድር ወገብ በላይ፣ ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቆማ ሌት ተቀን ትታለባለች። ወተቷም በሁላችንም ጣራ ላይ ይወርዳል፤ በቪላውም፣ በቀበሌ ቤቱም፣ በላስቲክ ቤቱም ላይ እኩል ይዘንባል። ኳሱ፣ ፊልሙ፣ የልጆች ካርቱኑ፣ የዓለም ዜናው፣ ሁሉም ይህን ጽሑፍ በምታነቡበት በዚህች ሰዓት በየራሳችን ላይ እየወረደ ነው። አንዱ ያያል፣ ሌላው አያይም። ለሚያየው ሰው ከማያየው የበለጠ ከሰማይ የወረደለት ነገር የለም። ካርድ ስላለው ብቻ ነው።

እንግዲህ የክፍያ ቴሌቪዥን የሚባለው ንግድ ምስል አይሸጥም፤ ቁልፍ ይሸጣል ማለት ነው። ምስሉን መጀመሪያ ቆልፎ ይልከዋል፣ ከዚያ መክፈቻውን በወር በወር ያከራያል። ይህን የምለው ነጋዴውን ልወቅስ አይደለም። ሲኒማ ቤትም በር አለው፤ ቲያትር ቤትም ትኬት ይቆርጣል። ለቲያትር ተሰልፎ «ለምን ታስከፍሉኛላችሁ?» ብሎ የተጣላ ሰው አላውቅም። ገንዘብ ካልተሰበሰበ ካሜራው አይቆምም፣ ተጫዋቹም ደመወዝ አያገኝም። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ጥያቄ የሚሆንብኝ ሌላ ነው። ዳቦ ቤት ለመክፈት የንግድ ፈቃድ ይበቃል። የሰማይ ቁልፍ ለመሸጥ ግን በየአገሩ ልዩ አዋጅ፣ ልዩ መሥሪያ ቤት፣ ልዩ ፈቃድ አለ። ለምን? መንግሥት በእኔና በባለ ቁልፉ መካከል የሚገባው ምን ሊጠብቅልኝ ነው? ወይስ ምን ሊጠብቅብኝ?

የድሮው መልስ ቀላልና እውነተኛ ነበር። ሞገድ ውስን ነው። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ሞገድ እንናገር ካሉ፣ ሁለት አዝማሪዎች በአንድ ጠጅ ቤት እኩል እንደሚዘፍኑት ይሆናል፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ ተራ የሚያስይዝ ዳኛ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለዚያ ዘመን ይህ መልስ በቂ ነበር። ሳተላይትና ዲጂታል ከመጡ በኋላ ግን ቀድሞ አንድ ጣቢያ ይይዘው በነበረው ስፍራ ብዙ ጣቢያ ይታጨቃል። ጥበቱ ሲለቅ ምክንያቱም ላላ። መሥሪያ ቤቱ ግን አለ። (የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያቱ ስለሞተ የተዘጋ መሥሪያ ቤት የትም ብርቅ ነው።)

ሁለተኛው መልስ የሞግዚት መልስ ነው። ልጆቻችንን ከብልግና፣ ባህላችንን ከወረራ እንጠብቅ ይላል። ይህን ሐሳብ ከሚንቁት ሰዎች ጋር አልቆምም፤ ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። ለሁሉም በነጻ የሚሰራጨው ቴሌቪዥን አደባባይ ቆሞ ጮክ ብሎ እንደሚናገር ሰው ነው፤ መንገደኛው ሁሉ ሳይወድ ይሰማዋል። የክፍያው ግን ጠርተኸው፣ ከፍለኸው፣ በር ከፍተህ ያስገባኸው እንግዳ ነው። ከጠላኸው ታስወጣዋለህ፤ ለልጆች የማይሆነውንም በምስጢር ቁጥር ትዘጋለህ። በሁለቱ ላይ የሚጣለው ቁጥጥር እኩል ሊሆን አይገባም። ደቡብ አፍሪካውያን በዚህ ጉዳይ ብዙ ተሟግተዋል። ቶፕ ቲቪ የተባለ ድርጅት የአዋቂዎች ጣቢያዎች ልጨምር ብሎ ሲጠይቅ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከለከለው፣ በ2013 ፈቀደለት፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረው። ከሁለቱም ወገን እውነት ያለበት ክርክር ነው። የነገሩ እምብርት ግን እዚያ ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛውን መልስ መንግሥታት በአዋጃቸው መግቢያ ላይ አይጽፉትም። እሱም ፍርሃት ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር የሚሆነን፣ በየጣራችን ላይ የምናየው የዲኤስቲቪ ዲሽ የመጣበት አገር ነው።

የአፓርታይድ መንግሥት ቴሌቪዥንን እንደ ክፉ መንፈስ ይፈራው ስለነበር፣ በሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ የነበረችው ደቡብ አፍሪካ ቴሌቪዥን ያየችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እኛ ከጀመርን ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመንግሥቱ ጣቢያ ማስታወቂያ መቀበል ጀመረ። ማስታወቂያው ወደ ቴሌቪዥን ሲሸሽ የጋዜጣ አሳታሚዎች ከሰሩ፤ አቤት አሉ። መንግሥት አሰበና ካሳ ሰጣቸው። የጋዜጣ ኩባንያዎቹ ተባብረው በክፍያ የሚታይ ጣቢያ እንዲከፍቱ ፈቀደ። ኤም ኔት የተባለው ይህ ጣቢያ በ1986 ጥቅምት ወር ላይ ሥራ ጀመረ። ፈቃዱ ግን አንድ እገዳ ነበረበት፤ ዜና ማሰራጨት ክልክል ነው!

እስቲ ልብ በሉት። ዕድሜ ልካቸውን በዜና እንጀራ የበሉ ሰዎች ቴሌቪዥን ተሰጣቸውና ከዜና በስተቀር የፈለጋችሁትን አሳዩ ተባሉ። ዘመኑ ደግሞ 1986 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በመላው አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ በየጥቁሮቹ ሰፈር እሳት ይነድዳል፣ እስር ቤቱ ሞልቷል። ኤም ኔት ፊልምና ስፖርት ያሳያል። ሲያበራይ የሚውል በሬ አፉ አይታሰርም ይባላል። ይህኛው በሬ ግን እንደ ልቡ እንዲበላ ተፈቅዶለት እንዳይጮህ የታሰረ ነው። አሳታሚዎቹም ተቀበሉት። በልተው ወፈሩ። ከወፈረው በሬ መልቲቾይስ ተወለደ፤ ከእሱም በ1995 ዲኤስቲቪ።

ያ ጣቢያ አንድ ሌላ ብልሃት ነበረው። በየቀኑ አመሻሹ ላይ ለጥቂት ሰዓት ቁልፉን ከፍቶ ለሁሉም በነጻ ያሳይ ነበር። ማር ሻጭ በጣቱ እንደሚያስቀምሰው ዓይነት መሆኑ ነው። ይህም በፈቃዱ የተጠቀሰ መብት ነበር፤ እስከ 2007 ድረስም ዘልቋል። እኔን የሚገርመኝ የነጋዴው ብልሃት አይደለም። ሕዝቡ ምን ያህል ይቅመስ የሚለው ሳይቀር በመንግሥትና በኩባንያ መካከል በተደረገ ስምምነት መወሰኑ ነው። ቀማሹ በድርድሩ ላይ አልነበረም።

ፈቃድ ስጦታ ሲሆን እንዲህ ነው። ሰጪው እጁን ከተቀባዩ አፍ ላይ አያነሳም፤ ተቀባዩም ባለውለታነቱን የሚቆጥረው ለሰጪው እንጂ ለተመልካቹ አይደለም። ግን ሰጪው የሰጠው የማንን ንብረት ነው? ይህን ጥያቄ አንድ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ጠይቆታል፤ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። ነገሩ የተነሳው በክሪኬት ነው። (ክሪኬት ለእኛ ሰው ምኑም አይደለም፤ እነሱ ዘንድ ግን የእኛን ኳስና ሩጫ በአንድ ላይ ደምሩት።) እ.ኤ.አ. በ1993 የቤንጋል ክሪኬት ማኅበር ያዘጋጀውን ዓለም አቀፍ ውድድር የማሰራጨት መብት ለውጭ ድርጅት ሸጠ። መንግሥትና የመንግሥቱ ቴሌቪዥን «በዚህ አገር ሰማይ ላይ ከእኛ በቀር የሚያሰራጭ የለም» አሉ። ክሱ ሄዶ ሄዶ በየካቲት 1995 ውሳኔ አገኘ። ዳኞቹ ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ሞገዱ የሕዝብ ንብረት ነው፤ የመንግሥትም የኩባንያም ርስት አይደለም፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከመንግሥት ነጻ የሆነ አካል ያስተዳድረው፤ የመናገር ነጻነት ማለት የተናጋሪው ብቻ ሳይሆን የተመልካቹና የአድማጩም መብት ነው።

ይህ ፍርድ በሁለት በኩል እንደተሳለ ካራ ነው። አንደኛው ስለት «ሰማዩ የእኔ ነው» ያለውን መንግሥት ይቆርጣል። ሁለተኛው ስለት ደግሞ «ከፍዬ ገዝቼዋለሁ፣ የእኔ ነው» የሚለውን ነጋዴ። ህንዶች ሁለተኛውን ስለት በ2007 ሕግ አድርገውታል። አገራዊ ፋይዳ ያለው ተብሎ የተሰየመን የስፖርት ውድድር የማሰራጨት መብት የገዛ ጣቢያ ሁሉ ምስሉን ለሕዝቡ ጣቢያ እንዲያካፍል ይገደዳል። እንግሊዞችም ከዚያ በፊት በ1996 ባወጡት ሕግ የዓለም ዋንጫን፣ ኦሊምፒክን፣ የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜን የመሳሰሉትን ዘርዝረው እነዚህ ከክፍያ ቴሌቪዥን ቁልፍ ጀርባ ብቻ አይቀመጡም ብለዋል። ይህን ያሉት ከተማሩ በኋላ ነው፤ ፕሪሚየር ሊጉ በ1992 ሲቋቋም የቀጥታ ሥርጭቱ ወደ ስካይ ገብቶ አይተዋልና።

ከእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ አንዱን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በአገራቸው የሚደረጉ የቴስት ክሪኬት ግጥሚያዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ከዋናው የጥበቃ ዝርዝር ወጡ። የክሪኬቱ ቦርድ ራሱ ነው የወተወተው፤ ገንዘብ ፈልጎ። በ2005 የበጋ ወራት እንግሊዝ አውስትራሊያን ከ18 ዓመት በኋላ አሸነፈች፤ አገሩ በሙሉ በነጻ ጣቢያ አይቶ አበደ። በቀጣዩ ዓመት ጨዋታው ተቆለፈ። ከዚያ በኋላ በ2019 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ሲደርሱ፣ ባለ መብቱ ስካይ ለዚያች ዕለት ብቻ ምስሉን ለነጻ ጣቢያ አካፈለ። በመካከሉ ያለፉት 14 ዓመታት ናቸው። በ2005 ያልተወለደ ልጅ የአገሩን ቡድን ክሪኬት በቤቱ በነጻ በቀጥታ ሳያይ ለአቅመ ጢም ደርሷል። ቦርዱ ገንዘቡን አልበላውም፤ ሜዳ ሠርቶበታል፣ ታዳጊ አሠልጥኖበታል። ግን ገንዘቡ ሲገባ ዓይኑ ወጣ። የትኛው ይበልጣል? ባለሙያዎቻቸው እስካሁን ይከራከራሉ፤ እኔም ከዚህ ሆኜ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

በእኛ አገር የክፍያ ቴሌቪዥንን ጥያቄ ከመንግሥትም ከኩባንያም ቀድሞ የመለሰው ባለ አዳራሹ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ የተንጠለጠለ ወፍራም መጋረጃ፣ ውጭ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈ የዕለቱ ጨዋታ። መብራት ሲጠፋ የሚንደቀደቅ ጀነሬተር። ውስጥ ሊስትሮው፣ ታክሲ ረዳቱ፣ ተማሪው፣ አንዳንዴም መምህሩ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠባብቀው አርሰናልና ማንቼ ይባባላሉ። ለአንድ ሳሎን ተብሎ የተገዛ ካርድ ለመቶ ሰው ይከፈታል። የኩባንያውን ውል ያነበበ የሕግ ሰው ይህን ስርቆት ይለዋል፤ በወረቀቱ ከሄድን ልክ ነው።

አንድ ጊዜ የሰፈራችንን ባለ አዳራሽ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሕጋዊ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የቱ? ማሳየቱ ነው ማስከፈሉ?» አሉኝ።

«ሁለቱም።»

«ማሳየቱን ካርዱ ፈቅዷል፤ እየው፣ ይሠራል። ማስከፈሉን ደግሞ ቀበሌ ግብር እየተቀበለበት ነው። አንተ ምን ቤት ነህ?»

ሰውዬውን ጻድቅ ላደርጋቸው አይደለም። የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ዕለት መግቢያውን እጥፍ ያደርጉ ነበር፤ ሴት ልጅ ገብታ የምትቀመጥበት ቦታም አልነበረም። ግን አንድ ነገር ሠርተዋል። በወር የሚከፈለውን ትልቁን ቁልፍ ሰባብረው ሊስትሮው ኪስ ውስጥ በሚገባ ሳንቲም መንዝረውታል። ይህን ያደረገ ፈቃድ ሰጪም ሆነ ፈቃድ ተቀባይ አልነበረም። ስርቆት ነው ካልን፣ የተሰረቀው ምን እንደሆነ አብረን እንናገር፤ መቶው ሰው በማየቱ ከዋናው ደንበኛ ሳሎን የጎደለ ምስል የለም። ኩባንያው ያጣው ገንዘብ አለ ቢባል እንኳ፣ ሊስትሮው ድሮም በራሱ ካርድ ሊገዛ የሚችል ሰው አልነበረም።

የእንግሊዝ ኳስ የእንግሊዝ ነው፤ ሻጩም ገዥውም ያሻቸውን ያድርጉ ልንል እንችላለን። የራሳችንስ? የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የሥርጭት መብቱን ለ5 ዓመት ለዲኤስቲቪ ሸጦ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በሳተላይት መታየት ጀመሩ። እውነቱን እንነጋገር፤ ከዚያ በፊት ሊጉ በቴሌቪዥን የሚታየው አልፎ አልፎ ነበር፣ ሲታይም ምስሉ ዓይን ያማል። በብዙ ካሜራ፣ በድጋሚ ምልስት፣ ከተንታኝ ጋር ያየነው ከውሉ በኋላ ነው። ክለቦችም ከሜዳ መግቢያ ሌላ ገቢ ቀመሱ። ስለዚህ «የነበረንን ወሰዱብን» ብሎ መጮህ ፍትሐዊ አይሆንም።

ነገር ግን እነዚህ ክለቦች በማን ገንዘብ ይኖራሉ? አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ወይም በመንግሥት ድርጅት ድጎማ ነው። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ፣ ስማቸው ራሱ ይናገራል። የተጫዋቹን ደመወዝ የከፈለው የከተማው ግብር ከፋይ ነው። ያ ግብር ከፋይ የራሱን ክለብ ለማየት ሁለተኛ ከፈለ። የዳቦ ቤቱን ምድጃ የሠራው፣ ዱቄቱን የገዛው ሰፈርተኛው ሆኖ፣ ዳቦውን ሲፈልግ በር ላይ ካርድ ሲጠየቅ እንደማለት ነው።

ሌላም ነገር ሆኗል። በዚያ የውድድር ዘመን ሁሉም ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ይጫወቱ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ እየተዘዋወሩ። ኮሮናው አንድ ምክንያት ነበር፣ የስታዲየሞቻችን ነገር ሌላ ምክንያት፤ ለቀጥታ ሥርጭቱም ካሜራውን አንድ ቦታ መትከሉ ይቀላል። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ አልተደረገም። ክለቡን በዝናብ በፀሐይ ሲደግፍ የኖረው ጎንደሬ ያን ዓመት በሜዳው አላየውም፤ ለማየት ወይ ካርድ፣ ወይ ዲኤስቲቪ ቤት። ሊጉ ሰማይ ሲወጣ ከተማውን ለቆ ነው የወጣው።

ያኔ ምን ተባለ? በአብዛኛው የተወራው ስለ ገንዘቡ ነው። ስንት ሚሊዮን ነው፣ ለክለብ ስንት ይደርሰዋል። ማን ያያል፣ ማን ያጣል የሚለው ከሻይ ቤት ጨዋታ አላለፈም። ይህን ከሌላ ክርክራችን ጋር አስተያዩት። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ተርጉሞ በነጻ ማሳየት ሲጀምር ምን ያህል ጫጫታ ነበር! የጥበብ ሰዎች ማኅበራት ተሰበሰቡ፣ ባህል ጠፋ ተባለ፣ መንግሥት ምን እየሠራ ነው ተባለ። ቃና ለማንም የተቆለፈ አልነበረም፤ ያልወደደው ሰው ጣቢያ ይለውጣል። በተከፈተው በር ላይ ተጣልተን በተቆለፈው በር ዝም አልን። «ምን ያሳዩናል?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ያንገበግበናል፤ «ምን ይሸሽጉናል?» የሚለው ግን ከአፋችን አይወጣም። መንግሥትም እንደ እኛው ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አዋጅም ሆነ በ2013 ዓ.ም. በቦታው የመጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲነሳ፣ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱም ጋዜጠኛውም የሚጨቃጨቁት ስለ ይዘት ነው፤ ማን ምን አለ፣ ማን ታገደ፣ ማን ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት።

ፈቃድ የሚሰጠው አካል ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ሲተክል ምን እንደሚያመልጠው ሌላ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጂቲቪ የተባለ ኩባንያ ተነሳና የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን የማሰራጨት መብት በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከዲኤስቲቪ ነጠቀ። ዋጋው ቀነስ ያለ ስለነበር ሰዉ ሪሲቨሩን ተሻማ። ጥር 2009 መጨረሻ ላይ ኩባንያው ከሰርኩ አለና በአንድ ሌሊት ጠፋ። አስቀድሞ የከፈለው ደንበኛ ጥቁር መስኮት ታቅፎ ቀረ። ሪሲቨሩም ለሌላ አይሆንም። በየአገሩ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት አለ፤ ማን መክፈት እንደሚችል የሚያውቅ፣ ሲዘጋ ግን ለማን ምን ይመለስ ያላለ። ማኅበራዊ ዕድር እንኳ ሲፈርስ ሂሳብ ይተሳሰባል እኮ!

ፉክክር ይመጣል፣ ያኔ ዋጋው ይወርዳል የሚሉም አሉ። ደቡብ አፍሪካ በዚያው በ2007 ለአምስት ድርጅቶች የክፍያ ቴሌቪዥን ፈቃድ ሰጥታ ነበር፤ አንደኛው ነባሩ መልቲቾይስ ነው። ከአዲሶቹ መካከል በ2010 ወጥቶ የተፎካከረው ከላይ ያነሳሁት ቶፕ ቲቪ ነው። ታላላቆቹ የኳስና የራግቢ መብቶች በነባሩ እጅ ናቸውና፣ ሁለት ዓመት ተንገዳግዶ በ2012 ከኪሳራ መታደጊያ ሥርዓት ውስጥ ገባ። ፈቃድ ተሰጥቶታል፤ ኳሱን ግን ማን ይስጠው? በመስከረም 2025 ደግሞ መልቲቾይስ ራሱ በፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ተገዛ። የደቡብ አፍሪካ ሕግ የውጭ ሰው በብሮድካስት ፈቃድ ላይ ከ20 በመቶ በላይ እንዳይኖረው ስለሚከለክል፣ ፈቃዱን የያዘውን ክፍል ለይተው አስቀመጡና ሌላውን ገዙት። ወረቀቱ አገር ውስጥ ቀረ። የእኛ ሰፈር ባለ ካርድ፣ የቁልፉ ባለቤት ከጆሃንስበርግ ወደ ፓሪስ መዛወሩን ሳይሰማው ወርኃዊውን መክፈል ቀጠለ።

ታዲያ ሁሉም ነገር ይከፈት ነው የምትለው? የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ሁሉም ይከፈት ካልን ገዥው ዋጋ ይቀንሳል፣ ክለቡ ይራባል፣ ካሜራውም ወደ ድሮው አንድ ዓይና ይመለሳል። በነጻ የሚታየው ዝርዝር አጭር መሆን አለበት። ብሔራዊ ቡድኑ፣ ዋንጫው የሚወሰንባቸው ጥቂት ጨዋታዎች፣ የአትሌቶቻችን የኦሊምፒክ ሩጫ። በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ መቶኛ 9 ቀድሞት ሲገባ ያየነው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ነው። ባለ ሱቁም፣ ወታደሩም፣ የቤት ሠራተኛዋም እመቤቷም እኩል አዩት። እስከ ዛሬ አንድ ሰው «ያቺ ኃይሌ የቀደመባት...» ብሎ ሲጀምር ሌላው ይጨርስለታል። ያ ሩጫ ካርድ ላላቸው ብቻ ታይቶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ያው ነበር፤ ሜዳሊያውም ያው። ጨርሶ የሚጨርስልህ ሰው ግን አታገኝም ነበር። ኩባንያው መብት ሲገዛ ይህንንም አብሮ ነው የሚገዛው፤ ሻጩ ደግሞ ይህን ለመሸጥ ከማን ውክልና እንዳገኘ የጠየቀው የለም። ክለቡን ክለብ ያደረገው፣ ሯጩን ጀግና ያደረገው ያ ስሙን እየጠራ የሚጮኸው ሰው ነው። ዋጋውን የፈጠረው እሱ፣ ዋጋውን የሚከፍለውም እሱ።

ወደፊት የሊጉ መብት እንደገና ለጨረታ በቀረበ ቁጥር፣ የክፍያ ቴሌቪዥን ፈቃድም በታደሰ ቁጥር፣ ከሚሊዮኖቹ ጎን አብረው ቢጻፉ ደስ የሚሉኝ ሦስት ተራ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የክለቡ ከተማ የራሱን ክለብ በነጻ የሚያይበት ቀን በዓመት ስንት ነው የሚለው። ሁለተኛው፣ ኩባንያው ቢዘጋ ወይም ቢሸጥ ለደንበኛው ቅድሚያ ክፍያ መያዣ የሚሆን ገንዘብ የት ባንክ ተቀምጧል የሚለው። ሦስተኛው የእኚያ የሰፈራችን ባለ አዳራሽ ጉዳይ ነው። በየጊዜው ሪሲቨራቸው እየተነጠቀ ከሚመለስላቸው፣ አቅማቸውን ያገናዘበ የአዳራሽ ካርድ በሕጋዊ ዋጋ ቢሸጥላቸው፤ በዚያውም አዳራሹ ሁለተኛ በርና የእሳት ማጥፊያ እንዲኖረው ቢጠየቁ። አሁን ያለው በር አንድ ነው፤ እሱም በመጋረጃ የተሸፈነ።